ሁለት ጊዜ ጠበል የተረጨች ባጃጅ

አበልጄን እወደዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ተቃራኒውን ስለሚመስል ነው።

የወንድ ልጄ የክርስትና አባት ነው። ላሊበላ ላይ ቢሮው ከቢሮዬ ፊት ለፊት ነው። እኔ ባጃጅና ሚኒባስ በሊዝ የሚሰጥ ድርጅት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነኝ፤ እሱ ደግሞ መኪና በመያዣ እየያዘ የሚያበድር የሌላ ድርጅት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው። ጠዋት በራችንን እኩል እንከፍታለን። ሰው ግን መጀመሪያ የእሱን ደጅ ይረግጣል። እዚያ ያላገኘውን ነው እኔ ጋ መጥቶ የሚፈልገው።

ሰው ለምን እንደሚወደው ይገባኛል፤ መግባቱ ነው የሚያቃጥለኝ። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ ድምፁ እስከ ዛሬ ከቅዳሴ የወጣ ይመስላል። «ብድርዎ አልተፈቀደም» ሲል ሰውየው አመስግኖት ይወጣል። እኔ «ተፈቅዷል» ስል ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል። ባለቤቴ እንኳ እሱ ሲመጣ ለእንግዳ ያስቀመጠችውን ማር ታወጣለች። «ለእኔስ?» ብላት «አንተማ የቤት ሰው አይደለህ እንዴ» አለችኝ። የቤት ሰው መሆን ጥቅሙ ምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም።

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል ያገራችን ሰው፤ ምቀኛ ያለው ሰው ተግቶ ይሠራል ለማለት ነው። አበልጄን እግዜር አላሳጣውም፤ እኔን ሰጥቶታል።

የሥራችንን ነገር ትንሽ ላስረዳ። ሊዝ ማለት ባጃጇን ድርጅቱ ይገዛታል፤ ተከራዩ እየሠራባት በየወሩ ይከፍላል፤ ከፍሎ ሲጨርስ የራሱ ትሆናለች። እስከዚያ ድረስ ሊብሬዋ በድርጅቱ ስም ነው። እሱ ጋ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መኪናው የተበዳሪው ነው፣ አበዳሪው ሊብሬውን ይይዛል። በሁለቱም በኩል ንብረቱ የሚያድረው ሌላ ሰው ደጅ ስለሆነ፣ ሥራችን በአብዛኛው ያልሰረቀን ሰው ዛሬም እንዳልሰረቀን ማረጋገጥ ነው።

በላስታ አዲስ ባጃጅ ጠበል ሳይረጭባት ሥራ አትጀምርም። እኛ ደግሞ ይህን ልማድ የቁጥጥር ሥርዓት አድርገነው ነበር። ተከራዩ ባጃጇን ወደሚያምንበት ደብር ይነዳታል፤ እኛም ከኋላ ተከትለን እንሄዳለን። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ጠበል ይረጫሉ፣ መስቀሉን መሪው ላይ ያሳርፋሉ፤ ሰውየው እጁን በላዩ አድርጎ «ብክድ ይፍረድብኝ» ይላል። ፎቶ እናነሳለን፤ ፎቶው ፋይል ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ያወጣው መመሪያ እንዲህ አይልም። መመሪያው በየሦስት ወሩ ንብረቱ ያለበት ድረስ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ ነው የሚለው። እኛ ግን መስቀል ያረፈበትን ንብረት ሄዶ ማየት ሰውየውን መጠርጠር ብቻ ሳይሆን ታቦቱንም መጠርጠር ሆኖ ታየን። ስለዚህ አናይም ነበር። ጠበል የነካውን የሚክድ ላስታ ውስጥ የለም፤ እንዲህ ነበር የምንለው።

ልማዱን መጀመሪያ ወደ ቢሮ ያስገባው አበልጄ ነው። እኔ ከእሱ አይቼ ወሰድኩና ለዋናው መሥሪያ ቤት እንደ ራሴ ሐሳብ አድርጌ ነገርኩ። እሱ ይህን ሰምቷል። አንድም ቀን አላነሳብኝም። ቢያነሳብኝና ብንጣላ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከብልባላ በኩል አንድ ሰው መጣ። ነጠላው የነጣ፣ ትሁት፣ ቃል መዝኖ የሚያወጣ ሰው ነው። እንደገባ ግድግዳዬ ላይ ያለችውን የማርያም ሥዕል ተሳለመ። ወደ እሱ ደጅ ሳይሄድ በቀጥታ ወደ እኔ መምጣቱን ሳይ ሌላ ነገር ለመጠየቅ ልቤ አልፈቀደም። ባጃጅ ሰጠነው። ገነተ ማርያም ሄደን አስመረቅናት፤ መንገዱን ሙሉ አቧራዋን እየበላሁ ከኋላዋ ነበርኩ። ሰውየው እጁን መሪው ላይ አድርጎ ሲምል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፎቶው ላይ ይታያል።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ክፍያው ዘገየ። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ያልዘገየበት ሰው ስለሌለ አልገረመኝም። ሚኒባስ የወሰዱ አስጎብኚዎች ባዶ ወንበር ይዘው ሲመላለሱ እያየሁ ባጃጅ ነጂን እንዴት ልጫነው? በሪፖርቴ ላይ «የዘገየ ክፍያ» ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ እቤቴ የማርያም ዝክር ሆነ። አበልጄ እንደ ልማዱ ማሩ ፊት ተቀምጧል። ስልኮቻችንን አውጥተን የደንበኞቻችንን የምረቃ ፎቶ እንተያይ ጀመር። ይህ በእኛ መካከል የቆየ ጨዋታ ነው፤ ለእሱ ጨዋታ ነው ማለቴ ነው። ብልባላ የተነሳ አንድ ፎቶ አሳየኝ። ካህኑ እጃቸውን ዘርግተዋል፣ የተረጨው ጠበል ገና መሬት አልነካም፣ ፀሐይ ነጠብጣቡን ይዛዋለች። የእኔ ፎቶዎች ሁሉ የሰው ጀርባና የባጃጅ ጎማ ናቸው። «ያምራል» አልኩት። ከዚያ ስልኩን ተቀብዬ ፎቶውን እየሳብኩ አሰፋሁት። አንድ እንከን ባገኝበት ብዬ ነው እንጂ ሌላ አልነበረኝም።

እንከን ስፈልግ ባጃጄን አገኘኋት። ሰሌዳዋ ሌላ ነው። የፊት መስታወቷ ጥግ ላይ ያለው ስንጥቅ ግን ተጭና ስትመጣ መንገድ ላይ የተሰነጠቀው ነው፤ ስንጥቁን ለመሸፈን ያስለጠፍኩት የመድኃኔዓለም ሥዕልም እንደተንጋደደ እዚያው አለ። ከጎኗ የቆመው ነጠላው የነጣ ሰው እጁን መሪው ላይ አድርጓል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አበልጄ» አልኩት፤ «ይህን ሰው ምን አድርገህለት ነው?»

«አበድሬው። ባጃጇን አስይዞ።»

«ባጃጇ እኮ የእኔ ናት።»

ማሩን የያዘበት ማንኪያ አፉ ደጅ ቆመ። እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። እሱም ይታለላል ማለት ነው አልኩ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየልኝም፤ ባጃጇ የእኔ መሆኗ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ሁለታችንም ብልባላ ሄድን። ሰውየው የለም። ባጃጇ ወደ ቆላ ወርዳ ተሸጣለች አሉን። ለአበልጄ ያስያዘው ሊብሬ በሐሰት የተሠራ ነበር። ጠበል የረጩትን አባት አገኘናቸውና አበልጄ መስቀላቸውን ተሳልሞ «አባ፣ ይህችን ባጃጅ ያስታውሷታል?» ብሎ ፎቶውን አሳያቸው።

«ልጆቼ፣ ባጃጅ ሲመጣልኝ እረጫለሁ» አሉን። «ሊብሬ አልጠይቅም። ሊብሬ መጠየቅ የእናንተ ሥራ መስሎኝ።»

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው ሰምቶን ሲያበቃ «ውል አላችሁ?» አለን። «አለን» አልን። «ውል ካለ የገንዘብ ክርክር ነው፤ ፍርድ ቤት ሂዱ» አለን። አንድ ሰው ዶሮ ቢሰርቅ ይታሰራል፤ ባጃጅ በውል ከወሰደ ግን ባለጉዳይ ነው። ወጥተን ደጁ ላይ ቆምን፤ ይህን ነገር እዚሁ እንቅበረው ተባባልን። የእሱ አለቃ ቢሰማ፣ የእኔ አለቃ ቢሰማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተከራዮቻችን ዘዴውን ቢሰሙ ምን ይውጠናል? ሪፖርቴ ላይ ባጃጇ «የዘገየ ክፍያ» እንደተባለች ቀረች።

በኋላ እንደገባኝ ዞኑን ሙሉ እንዲህ ተቀብሮ ነበር። አበዳሪና አከራይ ድርጅቶቹ የመሠረቱት ማኅበር ላሊበላ ላይ ስብሰባ ሲጠራ፣ እንግዳ ባጣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ሁሉም ይናገራል፤ ማንም ስለ ራሱ አይናገርም። «አንዳንድ ተከራዮች»፣ «አንዳንድ ድርጅቶች»፣ «አንዳንድ ቦታዎች ላይ»። እንደ ሁልጊዜውም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተባለ። በመጨረሻ ለዞኑ አቤት እንበል ተባለ። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያለ አከራዩ ደብዳቤ የመኪና ስም እንዳያዛውር፣ በውል የወሰዱትን ንብረት መሸጥ እንደ ማጭበርበር ወንጀል እንዲመረመር፣ እኛም የአጭበርባሪዎችን ስም እርስ በርስ እንድንለዋወጥ።

አቤቱታውን ማን ይጻፈው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ደስ አለኝ። ወልድያ የዞኑ ባለሥልጣናት ፊት ቆሞ ማን ያቅርበው ሲባል ሁሉም ወደ አበልጄ ዞረ። ጭብጨባም ነበረው።

ሳልደብቅ ልናገር፤ በዚያ ዓመት ከእግዜር የፈለግሁት ነገር ቢኖር ያ ነበር። ወልድያ ላይ ቆሜ ስናገር ሰው እንዲሰማኝ። ሹመት አላልኩም፣ አበልም አላልኩም። አንድ ጊዜ እንኳ አፌን ስከፍት ሰው ሰዓቱን ሳያይ እንዲሰማኝ ነው። አበልጄ ይህን ዕድል ሳይጠይቅ አገኘው፤ ሲሰጡትም «ኧረ እሱ ይሻላል» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ሰው ሳቀ። ቀልድ መሰላቸው።

ጽሑፉን ግን ጻፍኩት፤ ያውም አሳምሬ። ቅዳሜና እሑድ ባለቤቴ «ምሳ ብላ» እያለች ስትለምነኝ ስጽፍ ዋልኩ። በተለይ በአንዲት አንቀጽ ኮራሁ። እንዲህ ትላለች፦ «የቸገረው ተከራይ ሲቸግረው ደጃችን ይመጣል፤ የካደው ስልኩን ይዘጋል። የመጀመሪያው ጊዜ ይሰጠው፣ ሁለተኛውን ሕግ ይጠይቀው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ለሌባው መጋረጃ መስጠት ነው።» ይህን የጻፍኩት ሚኒባሱን አጥቦ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠውንና «ቱሪስት ሲመጣ ትመልሱልኛላችሁ» ያለኝን አንድ አስጎብኚ እያሰብኩ ነው። እንዲህ ያለ ሰውና የዚያ የባለ ነጠላው ስም በአንድ ዝርዝር ላይ መቀመጡ ያንገበግበኝ ነበር።

አበልጄ ጽሑፉን በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ አነበበና «ግሩም ነው» አለኝ። ወረቀቱን እየመለሰልኝ «ሰው ግን የለበትም እኮ አበልጄ» አለ።

«እንዴት ሰው የለበትም? ተከራዩ ሰው አይደለም?»

«እኛ የለንበትም ማለቴ ነው።»

«እኛማ እንዴት እንኖርበታለን! እንቅበረው ተባብለን የለም እንዴ?»

«ልክ ነህ» አለ። ልክ ነህ ሲለኝ የተሸነፍኩ የሚመስለኝ ከእሱ ጋር ብቻ ነው።

ወደ ወልድያ በእሱ መኪና ወረድን። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊት ለፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ አንድ የፖሊስ አዛዥና ከፍትሕ የመጡ አንዲት ዐቃቤ ሕግ ተቀምጠዋል። የድርጅቶቻችን የበላይ ኃላፊዎችም አንዳንዶቹ መጥተዋል። አበልጄ ተነስቶ ማንበብ ጀመረ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ ከንፈሬን ከእሱ ጋር አንቀሳቅሳለሁ፤ ቃሉን በቃሌ ነዋ የማውቀው። ወደዚያች አንቀጽ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የካደው ስልኩን ይዘጋል» ሲል አዳራሹ «ልክ ነው» እያለ አጉረመረመ። ዐቃቤ ሕጓ ቀና ብለው «ይህችን ድገማት እስቲ» አሉት። ደገማት። ጻፏት። «ጥሩ አስበሃል» አሉት።

እሱ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ «የእሱ ነው» አለ። ሴትዮዋ ግን አጎንብሰው እየጻፉ ስለነበር አላዩም። የገዛ አንቀጼ በእሱ አፍ ስትወጣ ለእኔ ለራሴ አዲስ ሆና ተሰማችኝ። እንዲህ ጥሩ መሆኗን እኔ አላውቅም ነበር።

ንባቡ አልቆ ጭብጨባው ሲበርድ አዛዡ ማይኩን ሳቡ።

«ጽሑፉ ሸጋ ነው» አሉ። «ግን ልጠይቅ። ‹በርካታ ድርጅቶች ተጭበርብረዋል› ይላል። እኔ ጋ በርካታ አልመጣም። ‹አንዳንድ ተከራዮች› ይላል። አንዳንዱ ማን ነው? እናንተ ንብረታችን ተበላ ካላላችሁ እኔ ማንን ልያዝ? እስቲ እዚህ ካላችሁት ውስጥ እኔ ነኝ የተጭበረበርኩት የሚል ይነሳ።»

ማንም አልተነሳም። ሁላችንም ፊታችን የተደረደረውን የውኃ ላስቲክ ጽሑፍ እናነብ ጀመር። የትራንስፖርቱ ኃላፊ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ነገሩ እዚያው ላይ ሊሞት ነው። ጉዳያችንን ሊጥል የደረሰው የእኔ ጽሑፍ የተሞላበት «አንዳንድ» መሆኑ ገብቶኛል፤ የላስቲኩን ጽሑፍ ግን ደግሜ አነበብኩ። ጎኔ የድርጅቴ የአካባቢው የበላይ ኃላፊ ተቀምጧል። ሪፖርቴ ላይ ያለችውን ባጃጅ አስታወስኩ።

አበልጄ አልተቀመጠም ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ። «ለአንድ ሰው ባጃጅ ሰጠሁ። ገነተ ማርያም ወስጄ ጠበል አስረጨሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ማለልኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያችኑ ባጃጅ ሰሌዳዋን ቀይሮ አመጣልኝና መያዣ ትሁነኝ አበድረኝ አለኝ። እሰየው ብዬ ብልባላ ወስጄ ዳግመኛ አስረጨኋት። የራሴን ባጃጅ ለእኔው አስያዘኝ፤ በላይዋም አበደርኩት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አዛዡ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። የእሱ ድርጅት ባጃጅ እንደማያከራይ የሚያውቁትም ጭምር ሳቁ። በሳቁ ውስጥ ፍቅር ነበረበት፤ እኔ ስናገር ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት።

ሊሸፍነኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ጎኔ የተቀመጠውን ሰው አይቶ፣ የእኔን ግማሽ ወደ ራሱ ወስዶ ነው። ያለኝ ምርጫ ጎንበስ ብሎ በሆዴ ማመስገን ነበር። የመጣብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሩን በላ፣ መድረኩን ወሰደ፣ አንቀጼን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ መታለሌን ሊወስድ ነው። ገነተ ማርያም ድረስ አቧራ የበላሁት እኔ! ስንጥቁ ላይ ሥዕል ያስለጠፍኩት እኔ! በሕይወቴ ሰው የሚሰማው አንድ ታሪክ ቢኖረኝ ይህ ነበር፤ እሱም በሌላ ሰው አፍ ሊያልቅ ነው።

«ውሸት ነው!» አልኩ።

ቆሜያለሁ። መቼ እንደቆምኩ አላውቅም።

«የመጀመሪያዋ የእኔ ናት። ገነተ ማርያም የሄድኩት እኔ ነኝ። እሱ የተታለለው አንዴ ብቻ ነው፤ ግማሹ የእኔ ነው!» ርስት የተነጠቀ ሰው እንዲህ ይጮኻል። ሳቁ እንደገና ተነሳ፤ አሁን ግን ወደ እኔ ዞሮ ነው። ያን ጊዜ ማቆም አቃተኝ። ሰውየው ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ በመምጣቱ እንዴት እንደተደሰትኩ፣ በየሦስት ወሩ ሄጄ ማየት ሲገባኝ መስቀሉን አምኜ እንዴት ቤቴ እንደተቀመጥኩ፣ በሪፖርቴ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ፣ ባጃጄን እንዴት የሰው ፎቶ ላይ እንከን ስፈልግ እንዳገኘኋት ሁሉንም ተናገርኩ። ጎኔ ያለው የበላይ ኃላፊ ወንበሩን ትንሽ አራቀ። እኔ ግን ማንም ሰዓቱን ሲያይ አላየሁም።

አዛዡ ሳቃቸውን ያዝ አደረጉና «ታዲያ ለምን አላመለከትክም?» አሉኝ።

«አመልክቻለሁ ጌታዬ። የገንዘብ ክርክር ነው፣ ፍርድ ቤት ሂድ አላችሁኝ።»

አዛዡ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ዐቃቤ ሕጓ ወደ እሳቸው ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አሉ።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሱ፤ ከታች ከዋናው መንገድ ከተሞች በአንዱ ያለ የቁጠባ ማኅበር ኃላፊ ናቸው። ሻሻቸውን አስተካክለው «ያ ጀመዓ፣ እንግዲህ ከተጀመረ እኔም ልናገር» አሉ። «እኛን በሚኒባስ ነው። ወላሂ፣ የሞተ ሰው ዋስ ሆኖ ፈርሞልን ነበር። ለቅሶውን እኔው ራሴ ደርሼ ነበር እኮ፤ ስሙን ሳየው ትዝ አላለኝም።» ከእሳቸው ቀጥሎ ሌላ ተነሳ፣ ከዚያም ሌላ። አንዱ ሞተሯ ወጥቶ ባዶ ቀፎዋ ስለተመለሰለት መኪና ተናገረ። ሲጀመር ማንም እኔ ነኝ አላለም ነበር፤ ሲያልቅ ያልተናገረው ማን እንደሆነ መፈለግ ሆነ። አዛዡ ወረቀት አስመጥተው ይጽፉ ነበር።

ያቀረብናቸውን ሁሉ አላገኘንም። የስም ማዛወሩ ነገር ግን እዚያው ተወሰነ፤ ከአሁን በኋላ ያለ አከራዩ ደብዳቤ አይሆንም። አቤቱታዎቹም እንደ ማጭበርበር ተመዝግበው እንዲጣሩ አዛዡ በጣቢያዎቹ ስም ቃል ገቡ። የሚከታተል ኮሚቴ ይመረጥ ተባለ። ሰብሳቢ፣ አበልጄ። ጸሐፊ፣ እኔ። ዐቃቤ ሕጓ ሲወጡ የእሱን እጅ ጨብጠው «ጥሩ ሰው ነህ» አሉት፤ ለእኔ ደግሞ «አሳቅኸን» አሉኝ።

ስንመለስ የድልብን ዳገት ወጥተን ጋሸና ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከባድ መኪኖች ተደርድረዋል፤ ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ከሹፌሮቹ ጋር ተጋፍተን ሽሮ አዘዝን። ምግቡ ሳይመጣ ስልኬ ጮኸ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው።

«ወልድያ ላይ ተናገርክ የተባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ትመጣለህ። ቅርንጫፉን ለጊዜው ለምክትልህ አስረክብ።»

ስልኩን ዘጋሁ። አበልጄ ሳልነግረው ገብቶታል። «አብሬህ እመጣለሁ» አለኝ። «የእኔዎቹም ጠርተውኛል። ያዝነውን ይዘን ነው የምንገባው፤ የዞኑ ውሳኔ አለን። አብሽር፣ አያባርሩህም።»

አላመሰገንኩትም። ሽሮው መጣ። ጥቂት ከበላን በኋላ ከወልድያ ጀምሮ ሲከነክነኝ የነበረውን ጠየቅኩት።

«ለምን እንደዚያ አልክ? ድርጅትህ ባጃጅ እንደማያከራይ ግማሹ አዳራሽ ያውቃል። አዛዡ ፋይሉን አምጣ ቢሉህ ምን ልትል ነበር?»

«አምጣ አይሉኝም።»

«እንዴት አወቅህ?»

«አንተ ትነሳለሃ» አለ፤ ጉርሻውን እየጠቀለለ። «ብለምንህ አትነሳም። በረንዳህ ላይ ሞከርኩህ፣ እምቢ አልክ። ብገፋህም አትነሳም። ከወሰድኩብህ ግን ትነሳለህ።»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መለስኩት። ከሱ ሸሽጌው የኖርኩት ነገር ይህ አንድ ነበር። ማሩ ሲወጣ ስስቅለት፣ ሲጨበጨብለት ሳጨበጭብ፣ «ያምራል» ስለው የኖርኩት ለዚህ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አልኩት።

ቁጣም ቀልድም አልነበረበትም፤ የመንገድ ርቀት እንደሚናገር ሰው ነገረኝ። «ልጅህን ክርስትና ያነሳሁለት ቀን። ታቅፌው ስወጣ ዝም አለልኝ፤ አንተ ስትቀበለኝ አለቀሰ። ያን ጊዜ ዓይንህን አየሁት።»

ልጄ አሁን ከእኔ እኩል ቁመት አለው። ይህን ሁሉ ዓመት አበልጄ እያወቀ ደጄን ሲመላለስ፣ እያወቀ ከፊት ለፊቴ በሩን ሲከፍት፣ እያወቀ «ልክ ነህ» ሲለኝ ኖሯል።

ሒሳቡን እሱ ከፈለ። ከጋሸና ወደ ላሊበላ ስንታጠፍ እሱ እየነዳ እኔ መስኮቱን ተደግፌ፣ እኔስ ስለ እሱ እንዲህ የማውቀው ምን አለ ብዬ ፈለግሁ። ምን እንደሚያስፈራው አላውቅም። ማታ በሩን ዘግቶ ምን እንደሚያስብ አላውቅም። በማን እንደሚቀና፣ ጭራሽ ይቀና እንደሆነም አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ሰው የሚሰጠውን ነው እንጂ እሱን አልነበረም።

«ምነው ዝም አልክ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።